የሚሞቀንና የሚጎዳን ለየቅል ናቸው፦ ጨረር የቆዳን ሴል እንዴት እንደሚጎዳ



ድሬዳዋና አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም በዘጠነኛው የሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ይገኛሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሰማዩ ጥርት ባለ የጥቅምት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የየትኛዋ ከተማ ፀሐይ ቆዳን ይበልጥ ትጎዳለች ብዬ ብጠይቃችሁ አብዛኞቻችሁ ድሬዳዋ እንደምትሉ እገምታለሁ። እዚያ ሰው በላብ ይጠመቃል፤ እዚህ አዲስ አበባ ሹራብ ደርበን ፀሐይ እንሞቃለን። መልሱ ግን አዲስ አበባ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ቆዳን የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የሚሞቀንና የሚጎዳን ለየቅል ናቸው። ቆዳችን ሙቀትን የሚለይበት ነርቭ አለው፤ ጨረርን የሚለይበት ግን የለውም። ስለዚህ ፀሐይን በሙቀቷ የሚለካ ሰው ልኬቱን ይስታል። በተለይ የደጋ ሰው ይስታል፤ ነፋሻው አየር ያዘናጋዋልና።

ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን ብዙ ዓይነት ነው። ዓይን የሚያየው ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ያለውን ብቻ ነው። ከቀዩ ወዲያ ማዶ ያለው ኢንፍራሬድ በሙቀቱ ይታወቀናል። ከወይን ጠጁ ወዲያ ያለው አልትራቫዮሌት ግን አይታይም፣ አይሞቅም። መኖሩ የታወቀው በ1801 ነው (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር በብርሃን የሚጠቁር የብር ውሕድ በተቀባ ወረቀት ላይ በፕሪዝም የተበተነ የፀሐይ ብርሃን አሳረፈ። ወረቀቱ ይበልጥ የጠቆረው ከወይን ጠጁ አልፎ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ጨረር በሞገዱ ርዝመት በሦስት ይከፈላል። ከ100 እስከ 280 ናኖ ሜትር ያለው ሲ ይባላል፤ እጅግ ኃይለኛ ቢሆንም ኦዞንና አየሩ ሙሉ በሙሉ ያስቀሩታል። ከ280 እስከ 315 ያለው ቢ ነው፤ አብዛኛው ሰማይ ላይ ይቀርና ጥቂቱ ይደርሰናል። ከ315 እስከ 400 ያለው ኤ ነው፤ መሬት ላይ ከሚያርፈው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። ቢ በቁጥር ትንሽ ይሁን እንጂ ወደ ሴል ውስጥ ገብቶ ዋናውን ጥፋት የሚያደርሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቆዳው እንግባ። የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ከግርጌው ዘወትር የሚባዙ ሴሎች አሉ። የሚፈጥሯቸው አዳዲስ ሴሎች ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተገፉ፣ እየጠጠሩና እየሞቱ ሄደው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ይረግፋሉ። በእያንዳንዱ ሴል አስኳል ውስጥ ዲኤንኤ አለ፤ ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ በሚባሉ አራት ፊደላት የተጻፈ፣ ስድስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል ያለው መመሪያ ነው። መመሪያው በሁለት ትይዩ ሐረጎች ላይ ይቀመጣል፤ በአንዱ ሐረግ ላይ ኤ ካለ በሌላው ትክክል በአንጻሩ ቲ ይኖራል፤ ሲ ካለም ጂ ይኖራል።

የአልትራቫዮሌት ቢ ጉዳት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ቲዎች ጎን ለጎን ቆመው ሳለ አንዱ ጨረሩን ሲውጥ፣ ከአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። ከማዶ ካለው አቻቸው ጋር ተጣምረው መቆም የነበረባቸው ሁለቱ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ሐረጉም በዚያ ቦታ ይጎብጣል። አጎራባች ሲዎችም እንዲሁ ይሆናሉ። ሴሉ ሊባዛ ሲል ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም እዚህ ቦታ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ አንዳንዴም በግምት ሌላ ፊደል አስገብቶ ያልፋል። በጠንካራ ፀሐይ ውስጥ በዋለ አንድ ሴል እንዲህ ያለው ጉዳት በቀን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ታዲያ ሁላችንም በቆዳ ካንሰር ያላለቅነው ለምንድን ነው? መልሱን ከብራና ጸሐፊዎች ሙያ ማየት ይቻላል። ዳዊት የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ፊደል ቢሳሳት ብራናውን አይጥለውም። በስለት የተሳሳተውን ይፍቃል፣ ቦታውን ያስተካክላል፣ ዋናውን ቅጂ አይቶ እንደገና ይጽፋል። በሴሎቻችን ውስጥም እንዲህ የሚያርሙ ኢንዛይሞች አሉ። በሐረጉ ላይ እየተጓዙ ጎባጣውን ቦታ ይፈልጋሉ፤ ከተጣበቁት ፊደላት ግራና ቀኝ ቆርጠው 30 ገደማ ፊደል ያለው ቁራጭ ያወጣሉ፤ ባዶውን ቦታ በአንጻሩ ያለውን ሐረግ እያነበቡ ይሞሉታል፤ በመጨረሻም ጫፉን ያያይዙታል። ይህን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያሳየው ቱርክ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው አዚዝ ሳንካር ሲሆን፣ በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከቶማስ ሊንዳልና ከፖል ሞድሪች ጋር ተካፍሏል። አደጋው ያለው በጊዜው ላይ ነው። አራሚው ሳይደርስ ሌላ ጸሐፊ ያንን ገጽ ከገለበጠው፣ ስህተቱ በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ትክክለኛ ንባብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፍቀው የለም። ከእርማቱ በፊት የተባዛ ሴልም ስህተቱን ለዘሩ ሁሉ ያወርሳል።

እርማቱ ባይኖር ምን እንደምንሆን የሚያሳይ አንድ በሽታ አለ፤ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ይባላል። የቪየናው ሐኪም ሞሪትስ ካፖሲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገለጸው፤ ምክንያቱ ግን እስከ 1968 አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ጄምስ ክሊቨር የእነዚህ ሕሙማን ሴሎች በአልትራቫዮሌት የተጎዳ ዲኤንኤን ማረም እንደማይችሉ አሳየ። እነዚህ ልጆች ከማንኛችንም የበለጠ ጨረር አልደረሰባቸውም፤ የጎደላቸው አራሚው ብቻ ነው። ያለ ጥበቃ ካደጉ ግን ብዙዎቹ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። ስለዚህ በሽታ የሚመጣው ጨረሩ ስለነካን ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱ ከእርማቱ ሲፈጥን ነው።

ጉዳቱ ከእርማት በላይ ሲሆን ደግሞ ሁለተኛ መከላከያ አለ። ፒ53 የሚባል ፕሮቲን ሴሉ እንዳይባዛ ያግደዋል፤ ጊዜ ሰጥቶትም ካልተስተካከለ ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ከቀናት በኋላ የሚላጠው ስህተት ከማውረስ ሞትን የመረጡ ሴሎች ስለሚረግፉ ነው። ክፉው ነገር የሚመጣው ጨረሩ የፒ53ን መመሪያ ራሱን ሲያበላሽ ነው። በ1991 ተመራማሪዎች የቆዳ ካንሰር ዕጢዎችን ሲመረምሩ በዚህ መመሪያ ውስጥ ሲ በነበረበት ቦታ ቲ፣ ሁለት ሲ በነበረበትም ሁለት ቲ ገብቶ አገኙ። እንዲህ ያለው ለውጥ የአልትራቫዮሌት አሻራ ነው።

የራጅ ጨረር ግን መንገዱ ሌላ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ሲያገኘው ዓለም ተደነቀ፤ ሐኪሞችም መሣሪያቸውን ለመሞከር የገዛ እጃቸውን ከፊቱ ይዘረጉ ነበር። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ ቱቦዎቹን በእጁ እየሞከረ ብዙ ጊዜ ሠራ። በመጀመሪያ ቆዳው ቀላ፤ ከዚያ የማይድን ቁስል ሆነ፤ ከዚያ ካንሰር ሆነ። እጆቹ ተቆርጠው እንኳ አልተረፈም፤ በ1904 በ39 ዓመቱ ሞተ። የረዳቱን ጉዳት ያየው ኤዲሰንም በራጅ መሥራት ተወ። በ1936 ሐምቡርግ ውስጥ በዚህ ሥራ ሕይወታቸውን ላጡ ሰዎች ሐውልት ሲቆም 169 ስሞች ተጽፈውበት ነበር። ይህም ጨረር ሲነካ ሙቀት አይሰማም።

አልትራቫዮሌት ፊደል ከፊደል ያጣብቃል፤ ራጅና ጋማ ጨረር ግን ኤሌክትሮን ከአተም ላይ አስፈንጥሮ ለማውጣት የሚበቃ ጉልበት አላቸው። ሴላችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በብዛት የሚመቱት ውሃውን ነው፤ ከውሃው የሚወጣው ስባሪም ለቅጽበት ብቻ ኖሮ ያገኘውን ያጠቃል። አንዳንዴ ሁለቱ የዲኤንኤ ሐረጎች አንድ ቦታ ላይ አብረው ይበጠሳሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ነው፤ አይተው የሚያርሙበት አንጻር ሐረግም ተበጥሷልና። ግሬይ በሚባለው መለኪያ አንድ ግሬይ ጨረር የደረሰው ሴል እንዲህ ያለ 40 ገደማ ብጣሽ ይኖረዋል።

የካንሰር የጨረር ሕክምና የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከመ ዘመድ ያላችሁ፣ ሕክምናው ለምን በአንድ ቀን እንደማያልቅ ጠይቃችሁ ይሆናል። የተለመደው መጠን በቀን ሁለት ግሬይ ገደማ ሆኖ ለሳምንታት ይሰጣል። ጤናማው ሴል በማግሥቱ ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ጉዳት ያርማል፤ የካንሰሩ ሴል ግን እርማቱ ደካማ ስለሆነ ጉዳት በጉዳት ላይ ይከመርበታል። በመንገዱ ላይ ያለው ቆዳም ድርሻውን ያገኛል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይቆጣል፣ ያሳክካል፣ ይላጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ምልክቱ መጥቆርና መድረቅ ነው፤ አስታማሚ ይህን ማወቅ አለበት። ቦታውን በለብታ ውሃ ሳይፈትጉ ማጠብ፣ ሰፊ የጥጥ ልብስ መልበስ፣ ከፀሐይ መከለል ይገባል፤ ሐኪም ያላዘዘውን ቅባትም ሆነ ቅጠል መቀባት አይገባም። ለምርመራ የሚነሳው የደረት ራጅ ግን ቆዳ ላይ የሚያሳርፈው መጠን ከአንድ ቀን ሕክምና በሺዎች እጥፍ ያንሳል፤ ሐኪም ካዘዘው አትሽሹት። የሞባይል ስልክ ሞገድ ደግሞ ፊደላቱን ለማጣበቅም ሆነ ሐረጉን ለመበጠስ የሚበቃ ጉልበት የለውም።

ወደ ፀሐይ እንመለስ። ከፀሐይ ጨረር እስካሁን ያወራነው ስለ አልትራቫዮሌት ቢ ነው፤ አልትራቫዮሌት ኤ ግን ጠልቆ ይገባል። ከላይኛው ንጣፍ አልፎ ቆዳን የሚወጥሩትን ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ክሮች ያበላሻል። መስታወት ቢን በአብዛኛው ያግዳል፤ ኤን ግን ያሳልፋል። በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የአንድ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶግራፍ አወጣ። ሰውየው 28 ዓመት ነድቷል፤ መስኮቱ በግራው ነበር። የቀኝ ፊቱ እንደ ዕድሜው ነው። የግራ ፊቱ ቆዳ ግን ወፍሯል፣ በጥልቅ ሽብሽብ ተቆራርጧል፣ ከዓይኑ ሥር ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ጉንጮች የአንድ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አንድ ነው። በግራ መሪ የሚነዱ የእኛ አገር ሾፌሮችም ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ሲውሉ የሚያገኛቸው ይኸው ጨረር ነው።

አልትራቫዮሌት በቆዳ ውስጥ ያሉትን የበሽታ ዘበኛ ሴሎችም ያዳክማል። በእኛ ዘንድ ፀሐይ የመታው ሰው ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል። ብዙውን ጊዜ ይህ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ጠንካራ ፀሐይ እንደሚቀሰቅሰውም በሕክምና የታወቀ ነው። ቁስሉን ከፀሐይ ጋር ያያያዙት እናቶቻችን አስተውሎታቸው ትክክል ነበር።

“እኛ ጥቁሮች ነን፤ ይህ የነጭ ጭንቀት ነው” የሚል ካለ እውነቱ ግማሽ ነው። ቀለም ሰጪው ሜላኒን የሚሠራባቸው ሴሎች ቁጥር በጥቁርም በነጭም ሰው ተመሳሳይ ነው፤ የሚለየው የሜላኒኑ ዓይነትና መጠን፣ ስርጭቱም ነው። በጥቁር ቆዳ ሜላኒኑ በትልልቅ እሽግ ሆኖ ከሴሉ አስኳል በላይ፣ በፀሐይ በኩል ይከማቻል። በአንድ የታወቀ ልኬት የጥቁር ሰው ቆዳ የመከላከል አቅም 13 ገደማ፣ የነጭ ሰው ደግሞ 3 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከፀሐይ የሚመጣው የቆዳ ካንሰር በእኛ ላይ እጅግ ያነሰው በዚህ ነው። ማድያት፣ ያለጊዜ መሸብሸብና የዓይን ሞራ ግን ጥቁሩንም ሰው አይምሩም። ይህን የተፈጥሮ መከላከያ ፊት በሚያቀላ ቅባት በገዛ ገንዘባችን ማስወገድ ደግሞ ከባድ ጥፋት ነው፤ ከእነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኩዊኖን ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው።

ሁሉም የቆዳ ካንሰር ከፀሐይ እንደማይመጣም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2005 የ60ኛ ዓመት ልደቱ በመስቀል አደባባይ የተከበረለት ቦብ ማርሌ የሞተው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ነው፤ በ1981፣ በ36 ዓመቱ። በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው ይህ ዓይነት በጥቁር ሰዎች ላይ ከሚታየው ሜላኖማ ዋነኛው ሲሆን ፀሐይ ዋና ምክንያቱ አይደለችም። ስለዚህ እግር ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን እዩ፤ አዲስ የወጣና የሚሰፋ ጥቁር ምልክት፣ ወይም የማይድን ቁስል ካለ ወደ ሐኪም ሂዱ።

በመካከላችን ግን ያለ በቂ ሜላኒን ከዚህ የደጋ ፀሐይ ጋር የሚኖሩ ልጆች አሉ፤ አልቢኒዝም ያለባቸው። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች አሏቸው፤ ሴሎቹ ግን በውርስ በመጣ የዘረመል ለውጥ ምክንያት ሜላኒን በበቂ አያመርቱም። እረኝነት የሚውል፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ገበያ የሚቆም ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቱ፣ ጆሮው፣ ከንፈሩና አንገቱ ይቃጠላል፣ ይቆስላል። በአፍሪካ ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። ይህ ግን መከላከል የሚቻል ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ከተማ ኪሊሰን የተባለ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለእነሱ ተብሎ ይመረታል። በእኛ አገር የፀሐይ መከላከያ ቅባት በአብዛኛው ከመዋቢያ ዕቃ ጋር ተቆጥሮ የሚሸጥና ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ግን መድኃኒት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጨረሩ ብርቱ ነው። ሰዓት ባትይዙ ጥላችሁን እዩ፤ ከቁመታችሁ ካጠረ ተጠለሉ። ቀጭን ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ስለሚያሳልፍ አትመኑት። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ያለው ልብስና ጃንጥላ ከማንኛውም ቅባት በፊት ይመጣሉ። ስስ ነጠላ በአንድ እጥፍ ብዙ አይከላከልም፤ ደርባችሁ ልበሱት። ቅባት የምትጠቀሙ በቂ አድርጋችሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ ደግማችሁ ተቀቡ።

የብየዳ ሠራተኞችን ለብቻ ላንሳ። ሰማይ ላይ የሚቀረው አልትራቫዮሌት ሲ ከብየዳው እሳት ከቅርብ ይወጣል፤ በመካከል ኦዞን የለም። በፀሐይ መነጽር ብቻ የሚበይድ ወጣት ማታ ዓይኑ የሚቆረቁረውና የሚያለቅሰው የዓይኑ የላይኛው ሽፋን ስለተቃጠለ ነው፤ አንገቱና ክንዱም እንዲሁ ይቃጠላል። ሙሉ የፊት መከላከያና ወፍራም እጅጌ የሥራው መሣሪያ እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ሕፃናትን ቤት እንዳትዘጉባቸው። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዚያው በአልትራቫዮሌት ቢ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገራችን ሪኬትስ የያዛቸው ሕፃናት አሉ፤ በ1997 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናትም ሪኬትስ ያለበት ልጅ ለሳንባ ምች ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል። ልብሱ ተገልጦለት በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ፀሐይ የሚሞቅ ጨቅላና ሙሉ ቀን መንገድ ዳር የሚቆም ትራፊክ ፖሊስ የተለያየ ምክር ያስፈልጋቸዋል። የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ጥቅም ነው፤ ከእርማት አቅም በላይ የሚተርፈው ሰዓት ጉዳት ነው።

ራስን መጠበቅ የግለሰብ ፋንታ ቢሆንም ሁሉም ሰው ጥላ መምረጥ አይችልም። የቀን ሠራተኛ ሰዓቱን አይመርጥም፤ ተማሪም የሰልፉን ቦታ አይመርጥም። አሠሪዎች የውጭ ሥራን ወደ ጠዋትና ወደ ማታ ማዛወር፣ ለበያጆች የፊት መከላከያ መግዛት ይችላሉ። ርዕሳነ መምህራን አልቢኒዝም ያለበትን ተማሪ “ባርኔጣህን አውልቅ” ከማለት ይልቅ ባርኔጣ እንዲያደርግ፣ በሰልፍ ጊዜ በጥላ ሥር እንዲቆም፣ በክፍል ውስጥም በደንብ እንዲያይ ለሰሌዳው ቀርቦ እንዲቀመጥ ነገ ጠዋት ማዘዝ ይችላሉ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ትእዛዝ ይበቃል።